ክንፍም፣ ቀንድም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ገባ። የደሴ ነሐሴ እንዲህ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ከበደኝ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እማዬ ከሰል አቀጣጥላ ቡና እየቆላች ነው። እኔ ለነገው ልቅሶ የምለብሰውን ነጠላ አጥቤ በዚህ እርጥበት እንዴት እንደማደርቀው እያሰብኩ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ደብተሩን የከፈትኩት ልቤን ምን እንደከፋው ለመጻፍ ነበር።

ትንሿ የእህቴ ልጅ መጣችና ያንን የተጎዳ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ለአዋቂ የተጻፈ ስለሆነ ገጽ የምገልጥላት እኔ ነኝ፤ ለልጅ ዐይን የማይሆን ብዙ ነገር አለበት። ዛፍ የሆነችውን የጠፈር መርከብ አሳየኋት። ቀጥሎ ሕፃኗ ያለችበትን ገጽ ገለጥኩላት። ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች።

«አክስቴ፣ ይህች ልጅ ክንፍም አላት፣ ቀንድም አላት። የማን ናት?»

«የእናቷም የአባቷም ናት» አልኳት።

«አይደለም፤ የማን ናት?» አለች ደግማ። መልሱ እንዳልበቃት ከፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ ቡና ቁርሱን አይታ ወደ እማዬ ሮጠች፤ እኔ ግን ከጥያቄው ጋር ቀረሁ።

መጽሐፉ «ሳጋ» ነው። ደራሲው ብራያን ቮን አሜሪካዊ፣ ሠዓሊዋ ፊዮና ስቴፕልስ ካናዳዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2012 ጀምሮ በየክፍሉ የሚያወጡት ኮሚክ ነው። እኛ ዘንድ ኮሚክ ሲባል የሚታሰበው ቀልደኛ ሰው ነው፤ ይህ ግን በሥዕል የሚተረክ ረጅም ታሪክ ነው፤ አንዳንዱ ገጹ ያስለቅሳል። ዘውጉን ስፔስ ኦፔራ ይሉታል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲወጣለት ለንቀት ነበር፤ በጠፈር መርከብ የሚደረግ ተራ የጀብዱ ወሬ ለማለት። ያን ንቀት እስከ ዛሬ የሚደግሙት ሰዎች ያናድዱኛል። ከኮከብ ኮከብ እየዘለለ ስለ አንድ ቤተሰብ ጓዳ፣ ስለ አማት፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ቤት ኪራይ ማውራት የሚችል ሌላ ዓይነት ድርሰት እስቲ አምጡልኝ።

ላንድፎል የምትባል ፕላኔት አለች፤ ሪዝ የምትባል ጨረቃ አለቻት። የፕላኔቷ ሰዎች ክንፍ አላቸው፣ የጨረቃዋ ሰዎች ቀንድ። በሁለቱ መካከል መቼም የማያልቅ የሚመስል ጦርነት አለ። ነገር ግን አንዷ ብትጠፋ ሌላዋም ከምሕዋሯ ወጥታ ትጠፋለች። ስለዚህ ጦርነቱን ከገዛ ደጃቸው አነሡና በሌሎች ዓለማት ላይ አደረጉት፤ በማያገባቸው ሕዝቦች እርሻና ቤት ላይ። መጀመሪያ ሳነበው ጎበዝ ፈጠራ ነው ብዬ አለፍኩ። ዛሬ እንደዚያ አድርጌ አላልፈውም። ጦር በመጣ ቁጥር መንገዱ የሆነ አገር ሰው ነኝ።

አላና ክንፍ ያላት ወታደር ናት፤ ማርኮ ቀንድ ያለው እስረኛ። ጠባቂዋና እስረኛው ተዋደው ኮበለሉ። መጽሐፉ የሚጀምረው በምጥ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አላና እያማጠች ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱም ወገኖች ያሳድዷቸዋል። የሚያሳድዷቸው ስለ ሰረቁ ወይም ስለ ገደሉ ብቻ አይደለም። ክንፍና ቀንድ በአንድ ገላ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ሰው ካየ ጦርነቱን በምን ቃል ያስቀጥሉታል?

እኔ ደግሞ ሁለት ድስት ባለበት ቤት ነው ያደግኩት። የአባዬ ወገን ሙስሊም፣ የእማዬ ወገን ክርስቲያን። ለዒድም ለፋሲካም ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ቢላዋ ይሳላል፤ የአጎቶቼ ማማሰያ እጀታ ላይ እንዳይሳሳት ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ልጅ ሆኜ ያን ቀይ ጨርቅ እንደ ጌጥ ነበር የማየው። ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄጄ ስሜን ያስመዘገብኩ ቀን ግን ጸሐፊው የአባቴንና የአያቴን ስም አንብቦ ቀና አለና «ይህ እንዴት ሆነ?» አለኝ። እንዴት እንደሚመለስ አላወቅሁም። ደሴ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሰዎች ስለ ወሎ ሲያወሩ ፍቅር ነው፣ መቻቻል ነው ብለው ይዘጉታል። እውነት ነው፤ ነገም ቅሬው፣ ዕድራችን፣ ሲሰበሰብ ሼኩም ቄሱም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። ግን የእማዬ አባት ከሠርጉ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም። የመጡት እኔ ስወለድ ነው። ይህን የሚተርኩልኝ ሁልጊዜ ሌሎች ናቸው፤ የእማዬ እህቶች አንድ ዓይነት፣ የአባዬ እህቶች ሌላ ዓይነት አድርገው። እኔ ባለታሪኳ፣ ታቅፌ የነበርኩት፣ አንድ ቃል የለኝም።

ሳጋን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እዚህ ላይ ነው። ተራኪዋ ሕፃኗ ራሷ ናት። ሄዘል አድጋ፣ ከወዲያ ማዶ ሆና ነው የምትነግረን። የሌሎቹ ሰዎች ንግግር እንደማንኛውም ኮሚክ በነጭ አረፋ ውስጥ በእኩል ፊደል ተቀምጧል፤ የሄዘል ቃል ግን አረፋም ሳጥንም የለውም፤ ሥዕሉ ላይ በእጅ ጽሑፍ ተበትኖ ይንሳፈፋል። ያን የምትጽፈው ፊዮና ስቴፕልስ በገዛ እጇ ነው፤ ሥዕሉን ጨርሳ፣ መጨረሻ ላይ። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት፤ አንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዱ ይጠጋል፣ ልክ ተማሪ በደብተር ጠርዝ ላይ እንደምትጽፈው። እናቷ በምታምጥበት ገጽ ላይ የልጅቱ ጽሑፍ አለ። ስለዚህ ምንም ቢመጣ፣ ስንት ጥይት ቢተኮስ፣ ይህች ልጅ እንደምትተርፍ ከመጀመሪያው ገጽ እናውቃለን። የሌሎቹን ግን አናውቅም።

ቮን ይህን ዓለም ያሰበው ልጅ ሆኖ፣ ሰልችቶት በተቀመጠበት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ታሪክ ሆኖ የተጻፈው ግን እሱ ራሱ አባት ከሆነ በኋላ ነው፤ በመሐል የነበሩት ዓመታት ሁሉ ልጅቷን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስለኛል። ስቴፕልስ ደግሞ ብረትና ማሽን መሳል አትወድም። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚኖርባት መርከብ ዛፍ ሆነች፤ ሥር ያላት፣ ቅርፊት ያላት፣ ውስጧ እንጨት የሆነ ዛፍ። አንዲት ሠዓሊ አንድን ነገር አለመውደዷ ለሺዎች አንባቢ ቤት ሠራላቸው። ትንሿ «ዋርካ ናት» ትላታለች። ልክ ናት፤ እኛም ጭንቅ ሲመጣ የምንሰበሰበው ዋርካ ሥር ነው።

እርግጥ ከሳጋ በፊት ሌሎች የስፔስ ኦፔራ ኮሚኮች ነበሩ። ደራሲው ዮዶሮውስኪና ሠዓሊው ሞቢየስ እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመሩት «ኢንካል» ውብ ነው፣ ሥዕሉን ሳይ ትንፋሼ ይቆማል፤ ነገር ግን ውስጡ ልቀመጥበት የምችል ጓዳ አጥቼበታለሁ። «ቫሌሪያን» ላይ ግን ሁልጊዜ እመለሳለሁ። ደራሲው ፒየር ክሪስታንና ሠዓሊው ዣን ክሎድ ሜዚዬር ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለዱ ፈረንሳውያን ናቸው፤ የተዋወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ልጆች ሆነው፣ ከቦምብ በተጠለሉበት መሸሸጊያ ውስጥ ነው። ካደጉ በኋላ አንዱ በአሜሪካ ዩታ የከብት እረኛ ሲሆን ሌላው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ዳግመኛ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቫሌሪያንን ጀመሩ። ቀለሙን የምትቀባው የሠዓሊው እህት ኤቭሊን ነበረች። ሎረሊን የምትባለው ጀግና ከአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን የመጣች የገጠር ልጅ ናት፤ ለመጀመሪያው ታሪክ ብቻ ነበር የታሰበችው፤ አንባቢው ስለወደዳት ቀረች። ቀርታም ታሪኩን የራሷ አደረገችው።

የሁለቱን ልጆች መሸሸጊያ ባሰብኩ ቁጥር የአባዬ እናት ትመጣብኛለች። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጣሊያን ደሴን ከሰማይ ሲደበድብ የታቀፈች ሕፃን ነበረች። እናቷ በነጠላ አዝላት ወደ ገደሉ ሮጠች። አያቴ ይህን ሙሉ ዕድሜዋን ስትተርከው ኖረች፤ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚያጉረመርም ሳይቀር በአፏ እያሰማች። ትንሽ ከፍ ስል ግን «አያቴ፣ አንቺ እኮ ሕፃን ነበርሽ፤ እንዴት ሰማሽው?» አልኳት። «ጀርባዋ ላይ ነበርኩ፤ የእሷ ልብ ሲመታ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱን ሸሽተን ከደሴ ስንወጣ ትንሿ ገና ስምንት ወሯ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረድነው በጭነት መኪና ላይ ቆመን ነው። እህቴ ከበርሜልና ከፍራሽ መሐል ተቀምጣ አጠባቻት። የሳጋ የመጀመሪያው ክፍል ሽፋን እናት ልጇን ስታጠባ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ባሏ ሰይፉን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። እዚያ መኪና ላይ ሆኜ ያ ሽፋን ትዝ አለኝ፤ መጽሐፉን ቤት ትቼው እንደመጣሁም ያኔ ነው ያወቅሁት። ያን ሌሊት ከላያችን የተጻፈ የማንም እጅ ጽሑፍ አልነበረም። እንደምንተርፍ የነገረን አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተራቁቷል። ፍራሹ፣ ማቀዝቀዣው፣ የእማዬ ረከቦት ሳይቀር ተወስዷል። መጽሐፉ ወለሉ ላይ፣ በጫማ ተረግጦ፣ ውሃ ጠጥቶ አገኘሁት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲረጥብ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ የአንዱ ገጽ ቀለም ሌላው ላይ ይቀራል። በቢላዋ ጫፍ፣ ገጽ በገጽ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አሁን የማርኮ ቀንድ ካለበት ገጽ ላይ የአላና ክንፍ ቁራጭ ተለጥፎ ቀርቷል።

ያኔ ሳጋ ራሱ ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ላይ በሃምሳ አራተኛው ክፍል ልብ በሚሰብር ሞት ቆሞ ሦስት ዓመት ተኩል ጠፋ። ሃምሳ አምስተኛው የወጣው ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ገና መስኮት ሳናስገባ፣ በላስቲክ ሸፍነን ስንኖር። በስልኬ ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ሄዘል አድጋ ነበር። በዚያው ወር ሜዚዬር አረፈ፤ ያ ከመሸሸጊያ የወጣው ልጅ። ክሪስታንም እ.ኤ.አ. በ2024 ተከተለው።

ሳጋ ሲያልቅ 108 ክፍል እንዲሆን ነው ያሰቡት። መጨረሻውን ለማየት ዕድሜ ይስጠን።

አሁን መሽቷል። ትንሿ እማዬ ጭን ላይ ተኝታለች። ከዚያ መኪና ላይ ምንም አታስታውስም፤ ወይም እኔ እንደዚያ አስባለሁ። የእህቴ ልብ ሲመታ ሰምታ ይሆን? አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም፤ ዛሬም እኮ ጠየቀች። እኔ ከነገርኳት፣ አክስቶቼ የእኔን እንደተረኩት፣ የእኔ ታሪክ ሆኖ ይቀርባታል። ዝም ካልኳትስ ምን ይዛ ትጽፈዋለች?