መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የማይረሳ ቦርድ

ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር በባትሪ የሚሠራ የራሱ ሰዓት የለውም። ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱም ይቆማል፤ ሲመለስ በመጨረሻ ፋይል ላይ ካስቀመጠው ጊዜ ተነስቶ መቁጠር ይጀምራል። ኢንተርኔት ካለ ወዲያው ይታረማል። እኔ የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ የሠራሁለት ግሪንሃውስ ግን ኔትወርክ አልነበረውም። መብራት ማታ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢመጣ፣ ቦርዱ የዘጠኝ ሰዓቱን ብርድ የሦስት ሰዓት አድርጎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ጭራሽ ካለመመዝገብ ይብሳል፤ አምኖ ውሳኔ የሚሰጥበት ሰው አለና።

መፍትሔው ዲኤስ3231 የተባለው ቺፕ ያለበት፣ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ ባትሪ የሚቆጥር የሰዓት ሞጁል ነው። ርካሹን ዲኤስ1307 ለእንዲህ ዓይነት ቦታ አልመክርም። ሁለቱም የሚቆጥሩት በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ነው፤ ክሪስታል ደግሞ ሙቀት ሲለዋወጥ ይዛባል። ዲኤስ3231 ሙቀቱን እየለካ ራሱን ያርማል፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢሳሳት በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

ኃይሉን ከ3.3 ቮልት እንጂ ከ5 ቮልት አትውሰዱ፤ የፓይ መገናኛ እግሮች 5 ቮልት አይችሉም። ሌላም አደጋ አለ። በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ ሞጁሎች ባትሪ የሚሞላ መስመር አላቸው፤ ሲአር2032 የሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ደግሞ የሚሞላ አይደለም፣ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ የመሙያ መስመሩን ለማቋረጥ ከዳዮዷ አጠገብ ያለችውን፣ 201 የሚል ቁጥር የተጻፈባትን ሬዚስተር በብየዳ ብረት ነቀልኳት። ሰዓቱ ግን ከባትሪው መሥራቱን አያቆምም።

ሶፍትዌሩ ብዙ አያስቸግርም፦ በማስነሻ ፋይሉ ላይ የቺፑን ስም ማስገባት፣ ቦርዱን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት አገናኝቶ ትክክለኛውን ሰዓት ወደ ቺፑ መጻፍ ነው። ቺፑ ላይ የሚቀመጠው ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ይሁን። የግሪንሃውሱ ሠራተኞች ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚሉትን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር 8 ሰዓት) ቺፑ ሦስት ሰዓት ቀንሶ 5 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪኑ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ቺፑ ውስጥ የአገር ቤቱን ሰዓት ማስገባት ለቀጣዩ ባለሙያ ወጥመድ መተው ነው።

ተከላው አለቀ የምለው ገመዱን ነቅዬ ካሳደርኩና ጠዋት ያለ ኢንተርኔት አስነስቼ ከስልኬ ካስተያየሁ በኋላ ነው። ባትሪ የምቀይረውም ቦርዱ ኃይል እያገኘ ነው፤ አለበለዚያ ሰዓቱ ይጠፋል። የቺፑ ቆጠራ አንዴ ተቋርጦ ከነበረ የቦርዱ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ሲነሣ ሰዓቱን አስተካክሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የእኔ ፕሮግራም ይህን ካገኘ መመዝገቡን አያቆምም፤ ሰው መጥቶ እስኪያርመው ድረስ በየመስመሩ «ሰዓቱ አልተረጋገጠም» ብሎ ይጽፋል።