ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ሐዋሳ

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ስላቀለለልን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሐዋሳ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ዕለቱ ታኅሣሥ 18፣ የገብርኤል ዋዜማ በመሆኑ ሌላ ጊዜ 600 ብር ለሚከራይ የፔንሲዮን አልጋ 1500 ብር ተጠየቅሁ፤ አከራዩም «በዓል ነው» ከማለት በቀር ምክንያት አላቀረበም። በአሞራ ገደል በኩል ሳልፍ የዓሣው ጥብስ ሽታ ፈተነኝ፤ በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም ስላላለቀ ሽሮ አዘዝሁ። ሌሊቱን ከትንኝ ጋር ስታገል የአዲስ አበባን ብርድ ናፈቅሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቅዱስ ገብርኤል ስደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። ከሆሳዕና የመጡ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ የጋቢያቸውንም ጫፍ አለበሱኝ። በጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ጥላ ይዘዋል። ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

«ታዲያ ደወለ፣ እማማ?» አልኋቸው።

«አልደወለም።»

«ስለት ከደረሰ በኋላ አይደል የሚገባው?»

«ልጄ፣ እኔ ከገብርኤል ጋር በዱቤ አልነጋገድም» አሉኝ።

ሳምንቱ «ብርሃን» የሚባለው ነው፤ ነቢያት የክርስቶስን መምጣት በተስፋ መጠባበቃቸው፣ ዳዊትም «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» ማለቱ የሚታሰብበት። እኔ ግን ይህን ጾም ለገና ደስታ በቅድሚያ እንደሚከፈል ዕዳ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ሰባኪው ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ሲያስተምር ይህ አስተሳሰቤ ተናጋብኝ፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አምላካችን ባያድነንም እንኳ ለናቡከደነፆር ምስል አንሰግድም ያሉት ወደ እቶኑ ሳይጣሉ ነው፤ የዘመሩትም ከእሳቱ ወጥተው ሳይሆን በእሳቱ መካከል ቆመው ነው። ጥላውን ታቅፈው የተቀመጡትን እናት ባላይ ኖሮ ይህን እንደ ሌላው ስብከት ሰምቼ አልፈው ነበር።

ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ተራቸው ደርሶ ጥላውን አስረከቡ። ስለት ተቀባዩ በድምፅ ማጉያው «እናታችን፣ ምን አደረገልዎት?» ሲላቸው «ገና ነው» ብለው መለሱ። እሱ ለአፍታ ግራ ተጋባ፤ ሴቶቹ ግን ከእሳቸው በፊት ልጅ አገኘሁ፣ ከሕመሜ ተፈወስሁ ላሉት ከሰጡት የበለጠ እልልታ አቀለጡት።