ሪአክሽን ቪዲዮ ልሰራ ብዬ ፒያኖው ጉድ ሰራኝ

ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ ሁለት ወር እንዳያቃጥል ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለውን ተከታታይ ፊልም አይተው የማያውቁ ሶስት ጓደኞች አሉኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እያየን 8ኛው ሲዝን ደረስን፣ እና 3ኛው ክፍል ላይ፣ ያው የሙታን ጦር ዊንተርፌል የሚባለው ግንብ የሚደርስበት፣ እሱን ሲያዩ ፊታቸውን ቀርጬ ልልቀቀው አልኩ። እኔ በ2019 እንደወጣ ብቻዬን ነበር ያየሁት፣ አጠገቤ አብሮኝ የሚጮህ ሰው አልነበረም፣ ቁጭቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ካሜራ ከቲቪው ስር፣ ማይክ ጠረጴዛው ላይ፣ ስልክ ሳይለንት፣ ክፍሉ 82 ደቂቃ ስለሆነ ሜሞሪ ካርድ ባዶ ይሁን። በቃ።

መብራቱ ትንሽ ያስቸግራል። 3ኛው ክፍል ራሱ ጨለማ በጨለማ ነው፣ ያኔ ሰው ምንም አልታየንም ብሎ ሲጮህ ምስሉን የቀረጸው ፋቢያን ዋግነር ችግሩ ብዙ ሰው ቲቪውን በደንብ ስላላስተካከለ ነው አይነት መልስ ሰጥቶ ነበር (አሁንም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል)። ቤቱን መብራት ካበራችሁበት ቲቪው ላይ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው፣ ካጠፋችሁት ደሞ ካሜራው ማንንም አያይም። እኔ ትንሽ አምፖል ከቲቪው ጀርባ ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥኩ፣ ሰራ። እንደውም ጠንቋይዋ ሜሊሳንድራ የዶትራኪዎቹን፣ የፈረሰኞቹን፣ ጎራዴ በአስማት ስታቀጣጥለው የሶስቱም ፊት ብርቱካናማ ሆነ፣ ከዛ እሳቱ እዛ ሩቅ አንድ በአንድ ሲጠፋ ፊታቸውም አብሮ ጨለመ፣ እና ከጨለማው ውስጥ "አለቁ እንዴ?" የሚል አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ። ይሄን በቴክኒክ አታመጡትም።

አሁን ወደ ድምፁ። ወይ ድምፅ!

ቲቪውን በስፒከር ለቀቅኩት። ድምፁ ሲያንቀጠቅጣቸው ሪአክሽኑም ይሞቃል ብዬ ነው፣ እሱስ ሞቀ። ግን መጨረሻው ላይ የጦርነቱ ጩኸት ይጠፋና የሙዚቃ ደራሲው የራሚን ጃዋዲ ፒያኖ ብቻ ይቀራል። 6ኛው ሲዝን መዝጊያ ላይም ፒያኖ መጥቶ ምን እንደተከተለ ያየ ያውቀዋል። አንዷ ጓደኛዬ ገና የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ስትሰማ "ውይ፣ ይሄ ፒያኖ ሲመጣ ሰው ያልቃል" ብላ ትራሱን አፏ ላይ ያዘች። ከዛ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ማንም አላወራም። ትንሿ ተዋጊ አሪያ የሙታኑ ንጉሥ ላይ ዘላ፣ አንገቷን ተይዛ፣ ጩቤውን ለቃ በሌላ እጇ ስትቀልበው ያ ትራስ ሲወድቅ ይሰማል። የቪዲዮው ነፍስ እሱ ነበር።

ለቀቅኩት፣ አድሬ ስነሳ ታግዷል። የፊልሙን ምስል አሳንሼ አደብዝዤው ነበር፣ የለቀቅኩበት ድረገጽ በቅጂ መብት የያዘው ግን ፒያኖውን ነው፣ ደቂቃውን ሳይቀር ጠቅሶ። የድረገጹ መመሪያ "መብት አለኝ ካልክ ተከራከር" ይላል። ተከራከርኩ፣ ጠበቃ መስዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ አንድ ወር ሊሞላ ሲል ማንም ሰው እንዳላነበበው የሚያስታውቅ ሁለት መስመር መልስ መጣልኝ። ድጋሚ ላኩ፣ ያችው ሁለት መስመር። ስለዚህ መመሪያውን እርሱት፣ ድምፁ ውስጥ ሙዚቃ ካለ ወር ሙሉ ከመጠበቅ ቪዲዮውን ማስተካከል ይሻላል። "ከ10 ሰከንድ በታች ችግር የለውም" የሚባለውም ወሬ ነው፣ ህጉ ላይ እንደዛ የሚል የሰከንድ ቁጥር የለም።

ከዛ ሙከራ ጀመርኩ። የድምፁን ፒች (ቅጥነትና ውፍረቱን) ስቀይረው ጓደኞቼ አይጥ መሰሉ። ሙዚቃን ከሰው ድምፅ የሚለይ ኤአይ ሞከርኩ፣ ፒያኖውን አወጣው፣ ግን ሰው ስላላወራ የሚያስቀረው ነገር አጣና ትንፋሻቸውንም የትራሱንም ድምፅ አብሮ ጠረገው። የመጨረሻው ቂልነቴ ደሞ ሰብስቤያቸው በሄድፎን እንደገና እዩት ማለቴ ነው። የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው እንዴት ይደነግጣል? አንዱማ አሪያ ሳትዘል ጮኸ። ያንን ቅጂ ለማንም አላሳይም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ ለሁሉም ሄድፎን፣ የፊልሙ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ጭራሽ እንዳይሰማ። ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፣ ኤዲት ስታደርጉ ድምፅና ምስሉን በሷ ትገጥማላችሁ። ጥግ ላይ የደቂቃ ቆጣሪ አድርጉ፣ ተመልካቹ ፊልሙን በራሱ ቲቪ ከፍቶ አብሯችሁ ያያል። ድምቀቱ ይቀንሳል የሚል አለ፣ አዎ ይቀንሳል፣ ከታገደ ድምቀት ግን ይሻለኛል።

በመጨረሻ የለቀቅኩት የፒያኖው ክፍል ድምፅ የለውም። ሶስት ሰው ዝም ብሎ ያፈጣል፣ ትራሱ ያለ ድምፅ ይወድቃል፣ ከስር ያለው ኮመንት ሁሉ "ድምፁ የኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው የጠፋው?" ነው።