ቢላ የሚያልቀው እጀታው ውስጥ ነው

አሮጌ ቢላ የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ የሚያሳየኝ ስለቱን ነው። «ደንዟል፣ ትንሽ ሳልልኝ» ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እጀታውን ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ በተለይ ጣና ዳር አሳ የሚሠራበት ቢላ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ውሃው በእንጨቱና በብረቱ መሀል ሰርጎ ይቀራል። ስለቱ በየቀኑ ስለሚጠረግ ያብረቀርቃል፤ የተሸፈነው ብረት ግን ዝገት ሲበላው ማንም አያየውም።

ሰፈራችን አሳ የሚሸጡ እትዬ ያመጡልኝ ቢላም እንዲሁ ነበር። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ቆሮሶም አምባዛም የሚበልቱበት ደህና ብረት። እጀታውን ላወልቀው ስል «እሱ ደግሞ ምን በደለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የያዙትን የሪቬቶቹን ራስ በሞረድ ሞርጄ፣ በምስማር ገፍቼ አወጣኋቸው። እንጨቱ ሲነሳ ብረቱ በአንድ በኩል ሳስቶ አገኘሁት። እትዬም ዝም አሉ።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶ ይበቃል። ጨርቅ ነክሬ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት በሽቦ እፈትገዋለሁ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቤ ወዲያው አደርቀዋለሁ፤ አሲዱ ከቀረበት እንደገና ይዝጋል። የተቦረቦረውን ሁሉ ካልሞረድኩ ማለት አያስፈልግም። ቢላው እንዲያምር ተብሎ ብረቱ ለምን ይሳሳ?

ለእጀታ ዋንዛ ለመቅረጽ ይቀላል። ለአሳ ቢላ ግን የምመርጠው ወይራ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ደርቆ የከረመ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ቢላው ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃውም ተመልሶ ይገባል። ያው የድሮው በሽታ! ስለዚህ ከሪቬቱ በፊት ብረቱንና እንጨቱን በኢፖክሲ ኮላ አጣብቃለሁ። ኮላው ክፍተቱን ይደፍናል፣ ሪቬቱ ይይዛል። ለሪቬት ወፍራም የመዳብ ሽቦ እጠቀማለሁ። ለስላሳ ስለሆነ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው ራስ ያወጣል፣ እንጨቱን አይሰነጥቅም።

እጀታውን በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ ስለቱን በፕላስተር እጠቀልላለሁ። ማለስለሻው የተልባ ዘይት ነው፤ በስሱ እየቀቡ፣ እያደረቁ። የፓልም ዘይት አይሆንም፣ አይደርቅም። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨምድዳችሁ አትጣሉት። ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አስጡት።

መሳል የመጨረሻው ሥራ ነው። ለአሳ በየጎኑ 15 ዲግሪ ያህል፣ አጥንት ለሚነካ ቢላ ወደ 20። በውሃ የራሰ ድንጋይ ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ግራይንደር ላይ ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል፤ ቢስሉትም ቶሎ ይደንዛል።

እትዬ አሁን የጎረቤቶቻቸውንም ቢላ ይልኩልኛል። ፕላስቲክ እጀታ ያላቸውን ርካሽ ቢላዎች ግን እመልሳለሁ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ብረት አጭር ጭራ ብቻ ነው፤ ሪቬት የሚመታበት ቦታ የለውም።