ቡና የተኛበትን ይሸታል

ሰኔ 24

ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ዝናቡ ይሆን እላለሁ። የጅማን ሰኔ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የጅሬን ኮረብታ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። መብራትም ሄዷል። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ሰፌድ አወረድኩና ቡና መልቀም ጀመርኩ።

ከገበያ የገዛሁት ነው። አንድ እፍኝ አንስቼ አሸተትኩት። መሬት መሬት ይላል።

አባቴ ቢኖር ይህን ቡና ቤት አያስገባውም ነበር። እሱ ቀይ እሸት ተለቅሞ ሲመጣ መሬት ላይ አያሰጣም። ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ነበረው። ቀን ቀን ያገላብጠዋል፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፍነዋል። ፍሬው ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ይፈጃል፣ አንድም ቀን አይሰለችም። «ቡና የተኛበትን ይሸታል» ይለን ነበር። አፈር ላይ ከተኛ አፈር፣ ከላምባ አጠገብ ካደረ ላምባ። ዛፉ ምንም ሳይጎድለው፣ ፍሬውም መልካም ሆኖ፣ አዳሩ ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ትናንት ትዝ አለኝ።

ትናንት ቡና ላይ ስለ አንዲት ወዳጄ አወራሁ። ስሟን አልጠራም። እያለቀሰች የነገረችኝን ነው ያወራሁት። ስጀምር «ታሳዝነኛለች» ብዬ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምጀምረው። «ታሳዝነኛለች»፣ «በጸሎት እናስባት»፣ ከዚያ ወሬው ራሱ ይቀጥላል። ጎረቤቴ አዴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ተይ ልጄ፣ የሌለችን ሰው አናንሳ» አሉኝ። አልተቆጡም። በረካውን ሳይጠብቁ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

እኔ እኮ ጾም ላይ ነኝ። የሐዋርያትን ጾም ይዣለሁ። ሥጋ አልቀመስኩም፣ ወተት አልቀመስኩም። የሰው ሥጋ ግን በላሁ።

ይህችን ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ስናገር አራተኛ ዓመቴ ነው። ያው ኃጢአት፣ ያው ቃል። ሰግጃለሁ። አንድ ጊዜም ሁለት ወር ሙሉ የጎረቤት ቡና ተውኩ። ያን ጊዜ አፌ በእርግጥ ዝም አለ። ልቤ ግን ብቻውን ተቀምጦ ሰው ያማ ነበር። እንዲያውም ቡና የማይተዉትን ጎረቤቶቼን ያማ ነበር። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ነው።

ዛሬ እንደገባኝ ከሆነ ምላሴን ስቀጣ የኖርኩት በከንቱ ነው። የሚሸተው ከአዳሩ ነው። ልቤ የሚተኛበት አንድ ቦታ አለ፤ «እኔ እንደ እሷ አይደለሁም» የሚባል ቦታ። ይሞቃል። የሌላው መውደቅ እኔን የቆምኩ ያስመስለኛል። ያችን ትንሽ ምቾት ነው የምወዳት። ንስሐ ስገባ «ሰው አማሁ» እላለሁ እንጂ «ከሰው በልጬ መታየት እወዳለሁ» ብዬ አላውቅም።

ዛሬ የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ነው። ወንበዴ የነበረው፣ በኋላ በግብፅ በረሃ በገዳመ አስቄጥስ የመነኮሰው። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ እሱንም ጠሩት። አልሄድም አለ። ሲያስገድዱት በተቀደደ ዕቃ አሸዋ ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈሳል። «ምንድን ነው ይህ?» አሉት። ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ አላየውም፣ እኔ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ። በየዓመቱ ስሰማው ግን የሚታየኝ የሌላ ሰው አሸዋ ነበር።

ደግሞ ሌላ አለ። ሙሴ ከቀደመ ልማዱ ጋር ሲታገል ተስፋ ቆረጠና ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባም ሊነጋ ሲል ወደ ጣሪያ አወጡትና ፀሐይ ስትወጣ አሳዩት። ብርሃኑ ጨለማውን ቀስ በቀስ እንደሚገፋው፣ ሰውም ቀስ በቀስ ነው የሚጸዳው አሉት። እኔ በአንድ ሌሊት እንዲነጋልኝ ነበር የምለምነው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬውኑ ንቀልልኝ» ነበር ጸሎቴ። አሁንም እለምናለሁ። ግን ድሮ ሰው አምቼ ሰላም ተኝቼ አድር ነበር። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ የንጋት መጀመሪያ ይሆን? ነው ለማለት አልደፍርም። አይደለም ለማለትም ልቤ እንቢ ይላል።

ቅድም ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እሷ ምንም አታውቅም አልኳቸው። ሄጄ ልንገራትና እግሯ ላይ ልውደቅ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እሷን ልትክሻት ነው ወይስ አንቺ ልትገላገዪ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ብነግራት ከእኔ ወርዶ እሷ ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ማንን አምና ታለቅሳለች? ባልነግራት ደግሞ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ይህን በሆዴ ይዤ ጉንጯን እስማለሁ። ቢያንስ ትናንት የሰሙኝን ሰዎች አንድ በአንድ ሄጄ «አጥፍቻለሁ፣ ያልኩትን እርሱት» ማለት እችላለሁ። ከአዴ እጀምራለሁ። ያ ግን እሷን አይክሳትም።

ዝናቡ ጋብ ብሏል። ቤቷ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ተቀምጫለሁ።

ልሂድ? ብሄድስ ምን ልበላት?