«ሆን ብሎ መሳሳት ምን የሚሉት ነው?»

በቨርጂኒያ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ተገልጋይ ሲመጣና ነገሩ ሲወሳሰብ የምጠራውም እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር መጥተው ከባልደረባዬ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ልጅቷ አሜሪካ ከገባች ገና ዓመት ስላልሞላት እንግሊዝኛዋን የሚያሻሽልላት መጽሐፍ ጠይቃ ኖሮ፣ ባልደረባዬ ያለ አንዳች ማብራሪያ የሰጠቻት የፓትሪክ ኔስን «ዘ ናይፍ ኦቭ ኔቨር ሌቲንግ ጎ» ነው።

«ወንድሜ፣ ይህ መጽሐፍ ሳይታረም ነው የታተመው» አሉኝ እናትየው። «ቃለ ጽሕፈት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ይህን ይዛ ፈተና ላይ ብትጽፈው ማን ይጠየቃል?» ገጾቹ በእርሳስ ተሰምረውባቸዋል፤ በእኛ ደንብ ይህ ራሱ የሚያስቀጣ ቢሆንም በዚያ ሰዓት ማንሳቱን አልፈለግሁም። ባልደረባዬ ስሕተቱ ሆን ተብሎ የገባ መሆኑን ደጋግማ ነግራቸዋለች። ይህንኑ በአማርኛ ስነግራቸው ግን ጭራሽ ተቆጡ፦ «ሆን ብሎ መሳሳት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ልብ ወለድ የሚተረከው በሌላ ፕላኔት ላይ ባለች የሰፋሪዎች መንደር ባደገው ቶድ በተባለ ልጅ አንደበት ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ የወንዶች ሐሳብ ሁሉ ሳይፈልጉት ለሌላው ይሰማል፤ የውሻው እንኳ ሳይቀር። የሚሰማው የሐሳብ ጫጫታም መጠናቸውና ቅርጻቸው በተለያዩ ፊደላት ስለተጻፈ ገጹ የተበላሸ ኅትመት ይመስላል። ቶድ በወጉ ማንበብ አልተማረም፤ እናቱ የተወችለትን ማስታወሻ እንኳ ራሱ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ በ«ሽን» ድምፅ የሚያልቁትን ረጃጅም ቃላት «ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን» በሚሉት ፊደላት በመጨረስ ፈንታ እንደ ሰማቸው «ኤስ፣ ኤች፣ ዩ፣ ኤን» ብሎ ይጨርሳቸዋል።

ይህን ሳስረዳ እስከዚያ ዝም ብላ የቆየችው ልጅ ጣልቃ ገብታ «እማዬ፣ እኮ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚሳሳተው» አለችና የተሰመሩትን ቃላት አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ደንቡን ራሷ ደርሳበት ኖሯል። እኔም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የታሪኩን ተከታይ ከመደርደሪያ አመጣሁ፤ በዚህኛው ቶድና ቫዮላ የተባለች፣ በትምህርት ያደገች ልጅ እየተፈራረቁ ስለሚተርኩ፣ የእሷ ክፍል ሲመጣ የቃላቱ አጻጻፍ ይስተካከላል። እናትየው የቫዮላን አንድ ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ወደ ቶድ ክፍል ተመልሰው ጥቂት ቆዩ። «የተማሪ ደብተር ነው በሉኛ!» አሉ። ቀጥለውም ወደ ባልደረባዬ ዞር ብለው «ታዲያ ይህ ሳይነገር ይሰጣል?» ሲሉ ጠየቁ፤ ተረጎምኩላት።

በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ጉዳዩን አነሳሁት። ባልደረባዬ የጸሐፊውን ስልት አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት መተው አለበት የሚል አቋም ነበራት። በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ አንባቢ ይህ እውነት ነው፤ ግራ የተጋባበት ገጽ ራሱ ደስታው ነው። ቋንቋውን ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ግን ያልገባውን ነገር ሁሉ በራሱ ድክመት ያሳብባል፤ መጽሐፉንም ለማንም ሳይናገር ይመልሳል። ያቺ እናት ባይቆጡ ኖሮ እኛም አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ስልታቸው ከስሕተት ሊቆጠር በሚችል መጻሕፍት ውስጥ ብቻ አጭር ማብራሪያ ያለው ካርድ እንዲገባ ነው። የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን» በአሳንሰር ውስጥ የሚያልፍ አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜን በግጥም የሚተርክ ሲሆን፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ገጹ ማንንም ስለማያሳስት ካርድ አላስፈለገውም። የዋልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» ግን በግድያ ወንጀል የተከሰሰ የ16 ዓመት ልጅ የራሱን ችሎት እንደ ፊልም ጽሑፍ የሚጽፍበት በመሆኑ በካሜራ ባለሙያዎች አሕጽሮተ ቃላት የተሞላ ነው። የእሱን ካርድ፣ አሕጽሮቶቹን አንድ በአንድ ፈትታ፣ ያዘጋጀችው ያችው ባልደረባዬ ናት።