ስሙ የጠፋ ፍሬም

ዛሬ ስቲከሩ የተላጠ፣ ደጋግሞ የተቀባ የድሮ ብረት የሳይክል ፍሬም ይዤ ማን እንደሠራው ስፈልግ ዋልኩ። የኋላ ጎማው የሚታሰርበት ላይ "ካምፓኞሎ" የሚል የጣሊያን የሳይክል ዕቃ አምራች ስም ተቀርጿል፤ ይሄ ግን ሠሪውን አይነግርም፣ ያንን ዕቃ የየአገሩ ሠሪ እየገዛ ይበይደው ነበር። ወሬው ያለው ከታች፣ የፔዳሉ አክስል የሚገባበት ቱቦ ጋ ነው። በካሊፐር ስለካው ወርዱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የብሎኑ ጥርስም በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ የሚጠብቅ! በቃ፣ ጣሊያን ሳይሆን አይቀርም፤ የእንግሊዝ ቢሆን 68 ሆኖ የቀኙ ጥርስ ወደ ግራ ይጠብቅ ነበር። የኮርቻው ዘንግ ውፍረት ደግሞ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማለትም የሚገባበት ቱቦ ግድግዳው ስስ፣ ብረቱም ደህና ብረት ነው። አገሩ ተገኘ፣ ሰውየው ገና። አሁን ሴሪያል ቁጥሩን ከቀለሙ ስር ቀስ እያልኩ እየፋቅኩ ነው። እስካሁን የወጣው አንድ 7፣ ወይም 1 ነው መሰለኝ።